«ኤልኤፍ በሲአርኤልኤፍ ይተካል»፦ የአንዲት ማስጠንቀቂያ ረጅም ታሪክ

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይህን ጽሑፍ ቃል ከገባሁላችሁ ቆየሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ዊንዶውስ ላይ ጊትን የሚጠቀም ሰው ሁሉ አንዲት ማስጠንቀቂያ ያውቃል። ፋይል «አድ» ሲያደርግ ብቅ ትላለች፦ «ኤልኤፍ በሲአርኤልኤፍ ይተካል»። አብዛኛው ሰው አይቶ ያልፋታል። ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ። ማንም ያልነካው ፋይል «ተቀይሯል» ይባላል። ላፕቶፕ ላይ ምንም ያልጎደለው ስክሪፕት ሰርቨር ላይ ሲጫን «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይላል፣ ፋይሉ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጦ! ጓደኛው ሊኑክስ ላይ በቅጽበት የሚያልቅ ትዕዛዝ የእሱ ማሽን ላይ ያዘግማል። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህ ሁሉ በሁለት መንገድ ሲተረጎም ሰምቻለሁ፦ ወይ «ዊንዶውስ የማይረባ ነው»፣ ወይ «እኔ አይገባኝም፣ ፕሮግራሚንግ ለእኔ አልተፈጠረም»። የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው። በዚህ ሰበብ ትምህርቱን የጠሉ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። ነገሩ ግን የእነሱ ድክመትም፣ የዊንዶውስ ብልሽትም አይደለም። እያንዳንዷ ችግር የልደት ዓመት አላት። ዓመቷን ያወቀ ሰው መፍትሔዋን ለማግኘት ብዙ አይደክምም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በታይፕ የጻፈ ወይም ሲጻፍ ያየ ሰው ያስታውሳል። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሏ ትጮሃለች፤ ጸሐፊዋ በግራ እጇ ዘንጉን ትገፋዋለች። ያ አንድ ግፊት ሁለት ሥራ ይሠራል። ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ ያደርጋል፤ ወረቀቱን የተሸከመውን ክፍል ደግሞ ወደ መነሻው ይመልሳል። ለእጅ አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት።

ቴሌታይፕ የሚባለው ማሽን ሲመጣ ሁለቱ ሥራዎች ተለያዩ። ቴሌታይፕ ማለት በሽቦ በሚመጣለት ምልክት ራሱ የሚጽፍ ታይፕ ነው። በ1963 የወጣው «ሞዴል 33» በሴኮንድ 10 ፊደል ያትም ነበር። ማተሚያው ራስ ከቀኝ ጥግ ወደ ግራ ለመመለስ ግን አንድ ፊደል ከሚታተምበት ጊዜ የበለጠ ይፈጅበታል። ስለዚህ መጀመሪያ «ተመለስ» የሚል ምልክት ይላካል፤ ይህ ሲአር ነው፣ ቁጥሩ 13። ቀጥሎ «ወረቀቱን ከፍ አድርግ» የሚል ይላካል፤ ይህ ኤልኤፍ ነው፣ ቁጥሩ 10። ራሱ እየተመለሰ ሳለ ወረቀቱ ከፍ ይላል፤ ጊዜ አይባክንም። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ግን አዲሱ መስመር የሚጀምርበት ፊደል ገጹ መሃል ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሲአር የቀደመው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጽሑፉ ወረቀት ላይ ሳይሆን ዲስክ ላይ ሲቀመጥ፣ የማሽኑ ሁለት እንቅስቃሴዎች አብረው ይቀመጡ ወይስ «እዚህ ጋ መስመር አለቀ» የሚል አንድ ምልክት ይበቃል? በ1960ዎቹ መልቲክስ የተባለውን ሥርዓት የሠሩት ሰዎች አንድ ይበቃል አሉ፤ ኤልኤፍን መረጡ። ማተሚያው ሲአር ከፈለገ ማተሚያውን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ይጨምርለት። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስን ሲጀምሩ ይህንኑ ወረሱ።

በሌላ በኩል ጋሪ ኪልዳል በ1974 ሲፒኤም የተባለውን የትናንሽ ኮምፒውተሮች ሥርዓት ሲሠራ የተከተለው የዴክ ኩባንያን ማሽኖች ልማድ ነበር፤ እዚያ ሁለቱም ምልክቶች ይቀመጣሉ። ቲም ፓተርሰን በ1980 የጻፈው ሥርዓት የሲፒኤምን መንገድ ያዘ፤ እሱን ማይክሮሶፍት ገዛውና በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር ዶስ ሆኖ ወጣ። ዊንዶውስ የዶስ ልጅ ነው። (የመጀመሪያዎቹ ማኪንቶሾች ደግሞ ሲአርን ብቻ መረጡ። ሦስተኛ ወገን ካልተጨመረ ምኑን ጭቅጭቅ ሆነ!)

እንደ እኔ አስተያየት የዩኒክሶቹ ውሳኔ የተሻለ ነበር፤ የማተሚያ ጣጣ በፋይል ውስጥ ምን ይሠራል? የኪልዳልም ግን ስንፍና አይደለም። የሱ ሥርዓት የሚሠራባቸው ትናንሽ ማሽኖች ፋይሉን ሳይተረጉሙ ቀጥታ ወደ ማተሚያ መላክ ነበረባቸው። ለጊዜውና ለቦታው የሚሆን መልስ ነበር፤ ጊዜው አለፈ፣ መልሱ ቀረ።

አሁን ወደ ቨርዥን ኮንትሮል እንምጣ። የዚህ ዘር ሁሉ ያደገው ዩኒክስ ቤት ነው። ማርክ ሮችካይንድ በ1972 ቤል ላብስ ውስጥ ኤስሲሲኤስን ጻፈ፤ ዋልተር ቲሺ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አርሲኤስን ሠራ፤ ዲክ ግሩነ በ1986 አምስተርዳም ውስጥ የሼል ስክሪፕቶች ሰብስቦ ሲቪኤስን ጀመረ። ሲቪኤስ ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ትልቅ አደጋ ታየ። ሲቪኤስ ሁሉንም ፋይል ጽሑፍ ነው ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲያወጣ ኤልኤፍ ባየበት ሁሉ ሲአር ይጨምራል። ፋይሉ ምስል ከሆነስ? በምስል ውስጥ 10 ቁጥር ቀለም ሊሆን ይችላል፣ ርዝመት ሊሆን ይችላል። ሲአር ተሰገሰገበት ማለት ፎቶው ሞተ ማለት ነው። «ይህ ጽሑፍ አይደለም» የሚል ምልክት ፋይሉ ሲገባ በእጅ ካልተሰጠው በቀር አያውቅም።

ይህ አደጋ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ለማወቅ ማንኛውንም የፒኤንጂ ምስል ከፍታችሁ የመጀመሪያዎቹን 8 ባይቶች ተመልከቱ፦ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10። በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህን ቅርጽ የነደፉት ሰዎች ሆን ብለው ወጥመድ ሠርተዋል። 13 እና 10 ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መንገድ ላይ አንዱ ከጠፋ ይታወቃል። መጨረሻ ላይ ያለው 10 ብቻውን ነው፤ ሲአር ከተጨመረበትም ይታወቃል። መሃል ያለው 26 ደግሞ ከሲፒኤም የተወረሰ «ጽሑፉ እዚህ አለቀ» የሚል የዶስ ምልክት ነው። በየቀኑ በስልካችሁ የምትላላኩት ስክሪንሾት ብዙ ጊዜ ፒኤንጂ ነው፤ የቴሌታይፕን ታሪክ ግንባሩ ላይ ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

ወደ ጊት። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ከ2002 ጀምሮ ቢትኪፐር በሚባል የኩባንያ ዕቃ ይጠቀሙ ነበር። በ2005 ነጻ ፈቃዱ ሲነሳባቸው ሊነስ ቶርቫልድስ ሚያዝያ ወር ላይ የራሱን መጻፍ ጀመረ፤ በቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ በራሱ ማስቀመጥ ቻለ። ሐምሌ ላይ ኃላፊነቱ ለጁኒዮ ሃማኖ ተላለፈ። ይህን የማነሳው ስለ ጀግንነቱ አይደለም። ማን ለማን እንደሠራው ልብ እንድትሉ ነው። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች ሊኑክስን ለመሥራት የሠሩት ነው። ስለዚህ እንደ ቀላል ነገር የያዛቸው እምነቶች አሉት። ትንንሽ ፕሮግራሞችን ማስነሳት ርካሽ ነው። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል የተለያየ ስም ነው። ፋይል ሁሉ «መሮጥ ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚል ምልክት አለው። የተከፈተ ፋይል ሊሰረዝ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ከእነዚህ አንዱም እንደዚያ አይደለም።

ፍጥነቱን እንውሰድ። የመጀመሪያው ጊት ትልቅ ክፍሉ የሼልና የፐርል ስክሪፕት ነበር። አንድ ትዕዛዝ ስትሰጡት ከጀርባ በደርዘን የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን ያስነሳል። ዩኒክስ ይህን የሚያደርገው «ፎርክ» በሚባል ዘዴ ነው፤ የሚሠራው ፕሮግራም ራሱን ለሁለት ይከፍላል፣ ወጪው ትንሽ ነው። ዊንዶውስ ለተራ ፕሮግራም የሚሰጠው ፎርክ የለውም። ከ1995 ጀምሮ ሲግነስ የተባለ ኩባንያ ያሳደገው ሲግዊን፣ የዩኒክስ ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ላይ እንዲሠሩ ሲል ፎርክን ያስመስላል። አዲስ ባዶ ፕሮሰስ ያስነሳል፤ የወላጁን ሜሞሪ ይገለብጥበታል፤ አድራሻ በአድራሻ ካልገጠመለት ይወድቃል። ቀርፋፋ መሆኑ አይገርምም፤ መሥራቱ ራሱ ነው የሚገርመው።

በ2007 ዮሃነስ ሺንደሊንና ጓደኞቹ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ጊትን ራሱን በቀጥታ ለዊንዶውስ አዘጋጁት፤ ሼሉን ግን ኤምሲስ ከሚባል የሲግዊን ቅርንጫፍ ወሰዱ። ዛሬ «ጊት ባሽ» ብላችሁ የምትከፍቱት ጥቁር መስኮት የዚያ ልጅ ነው። ጊትም ዓመት በዓመት ስክሪፕቶቹን ወደ ሲ እያዞረ መጣ፤ «ሪቤዝ» በ2018 መጨረሻ ተዘዋወረ። ስለዚህ «ጊት ዊንዶውስ ላይ ይንቀረፈፋል» የሚለኝ ሰው ካለ መጀመሪያ የምጠይቀው ስሪቱን ነው፤ ቀጥሎ አንቲቫይረሱን፣ ምክንያቱም እያንዳንዷን አዲስ ፕሮሰስና ፋይል ቆሞ ይፈትሻል።

ጊት ባሽ የሲግዊን ዘመድ መሆኑን ማወቅ አንድ እንቆቅልሽ ይፈታላችኋል። ዶከር ላይ «/አፕ» ብላችሁ የጻፋችሁት መንገድ «ሲ:/ፕሮግራም ፋይልስ/ጊት/አፕ» ሆኖ ደርሶ ያውቃል? ሼሉ ተንኮለኛ ሆኖ አይደለም። በስላሽ የሚጀምር ቃል ሲያይ «ይህ የዩኒክስ መንገድ ነው፣ የዊንዶውሱ ፕሮግራም አያውቀውም» ብሎ በቅንነት ይተረጉምላችኋል። መጀመሪያው ላይ ሁለት ስላሽ አድርጉ፤ ይተወዋል።

የመስመር መጨረሻው ጉዳይ ጊት ውስጥ መልስ ያገኘው በ2007 ነው፤ «አውቶሲአርኤልኤፍ» የሚባለው ማስተካከያ ያኔ መጣ። ፋይል ሲወጣ ሲአር ይጨምራል፣ ሲገባ ያነሳል። የዊንዶውሱ ጊት ሲጫን የሚጠይቃችሁ ሦስት ምርጫ ያለው ገጽ ይህ ነው፤ «ቀጥል» ብላችሁ የምታልፉት። እኔ ይህን ማስተካከያ አልወደውም። የሚቀመጠው በእያንዳንዱ ሰው ማሽን ላይ ነው፤ ከሪፖው ጋር አይጓዝም። አራት ሰው አንድ ሥራ ላይ ካለ አራት ዓይነት ውሳኔ ሊኖር ይችላል፤ ማንም የማንን አያውቅም።

መዘዙን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የመመረቂያ ሥራ ገምጋሚ ሆኜ ተመድቤ ነበር፤ ቡድኑ አራት ልጆች ናቸው። አማካሪያቸው የእያንዳንዱን ድርሻ ለማወቅ «ጊት ብሌም» ተጠቀመ፤ የትኛውን መስመር ማን ጻፈው የሚለውን የሚያሳይ ትዕዛዝ ነው። ሲያይ ኮዱ ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ልጅ ስም ወጣ። ሦስቱ «ሥራችንን በስሙ አደረገ» ብለው ከሰሱት። እሱ ደግሞ የሚመልሰው ጠፍቶት ላቡ ይንቆረቆራል፤ ያደረገው አንድ ምሽት ሁለት ፋይል ማረም ብቻ ነበር። ኮሚቱን ከፈትኩት። በሺዎች የሚቆጠር መስመር ተሰርዞ በሺዎች የሚቆጠር መስመር ተጨምሯል፤ የተሰረዘውና የተጨመረው ግን ቃል በቃል አንድ ነው። ማስተካከያው እሱ ጋ ጠፍቷል፤ ኤዲተሩ ደግሞ ፎልደሩን በሙሉ በሲአርኤልኤፍ እንደገና አስቀምጦታል። ትዕዛዙ ላይ ባዶ ቦታን ችላ የሚያስብለውን የ«ደብሊው» ምርጫ ጨምሬ ደገምኩት፤ የአራቱም ስም በየቦታው ተመለሰ። የሚታይ ፊደል እንኳ የሌለው አንድ ባይት ልጁን ሌባ ሊያስብለው ነበር።

ትክክለኛው መፍትሔ በ2010 ተሟልቶ መጥቷል፦ «ጊትአትሪቢዩትስ» የሚባል ፋይል ሪፖው ውስጥ ይቀመጣል። ውሳኔው ከሥራው ጋር ይጓዛል፤ የማንንም ማሽን አይጠይቅም። ለሁሉም ፋይል «ቴክስት እኩል ይሆናል አውቶ» የሚለውን አንድ መስመር፣ ለሼል ስክሪፕቶች ደግሞ «ኢኦኤል እኩል ይሆናል ኤልኤፍ» የሚለውን ጻፉበት። ያ ሰርቨር ላይ «ፋይል የለም» የሚለው ስክሪፕት የሚሞተው በመጀመሪያው መስመር ነው፤ ሊኑክስ የሼሉን ስም ሲያነብ መጨረሻው ላይ ሲአር ተለጥፎ ያገኘዋል፣ በዚያ ስም ደግሞ ፕሮግራም የለም። የቆየ ሪፖ ከሆነ «ሪኖርማላይዝ» የሚለውን ምርጫ «አድ» ላይ ጨምሩና አንዴ ለብቻው ኮሚት አድርጉት፤ ከሌላ ሥራ ጋር አትቀላቅሉት። የትኛው ፋይል በምን እንደሚያልቅ ለማየት «ኤልኤስ-ፋይልስ» ላይ «ኢኦኤል» የሚለውን ምርጫ ጨምሩ። በግራ ሪፖው ውስጥ ያለውን፣ ቀጥሎ ዲስካችሁ ላይ ያለውን ያሳያችኋል። በግምት መከራከር ያን ጊዜ ያበቃል።

ስሞች ደግሞ የራሳቸው ጉድ አላቸው። የመጀመሪያው ዶስ ፎልደር አልነበረውም፤ ስለዚህ የመሣሪያዎቹ ስሞች፣ «ኮን»፣ «ፒአርኤን»፣ «ኦክስ»፣ «ነል»፣ የትም ቢሆኑ የተያዙ ነበሩ። ፎልደር በ1983 ሲመጣም አልተለቀቁም፤ ከኋላቸው ቅጥያ ቢጨመርም እንኳ። የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ግን «ኦክስ ነጥብ ሲ» የሚባል ፋይል አለ። በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ጥንድ ፋይሎችም አሉ፤ ዊንዶውስ አንድ ስም አድርጎ ያያቸዋል፣ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? ጊት የተሠራለት ያ ፕሮጀክት ራሱ በተራ የዊንዶውስ ዲስክ ላይ ሳይጎድል አይወጣም! ታኅሣሥ 2014 ላይ ይኸው የፊደል ጉዳይ የደኅንነት ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። ጊት የራሱን ድብቅ ፎልደር በትንንሽ ፊደል ብቻ ይጠብቅ ነበር፤ አጥቂው በትልልቅ ፊደል ጽፎ ቢልከው ዊንዶውስና ማክ ያንኑ ፎልደር ይከፍቱለታል።

የእኛስ ፊደል? ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ግን ለቆዩ ፕሮግራሞች በየቋንቋው የያዛቸው የድሮ የኮድ ሠንጠረዦች አሉት፤ ለአማርኛ የተሠራ ከመካከላቸው አልነበረም። የዊንዶውሱ ጊት እስከ 2012 ድረስ በእነዚያ ሠንጠረዦች ይሠራ ስለነበር በአማርኛ የተሰየመ ፋይል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ይሠራል፤ ግን «ስታተስ» ስትሉት «ሀ» በ341፣ 210፣ 200 ይጻፍላችኋል። ፋይሉ አልተበላሸም። ጊት ከአስኪ ውጭ ያለውን ባይት በስምንት ቤት ቁጥር ማሳየት ልማዱ ስለሆነ ነው። «ኮትፓዝ» የሚለውን ማስተካከያ አጥፉት፤ ስሙ በፊደላችን ይመጣል።

ሥራን በፍላሽ ማዘዋወር እኛ ዘንድ ገና የቀረ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለት ነገር ላክል። ሪፖውን በፍላሽ ወደ ሊኑክስ ወስዳችሁ ሁሉም ፋይል «ተቀይሯል» ካለ፣ ልዩነቱም 100644 ወደ 100755 ከሆነ፣ የፍላሹ ፋት ሥርዓት የመሮጥ ፈቃድን ስለማይመዘግብ ነው። «ፋይልሞድ»ን አጥፉ። «ይህ ዲስክ ባለቤትነትን አይመዘግብም» ብሎ እምቢ ካለ ደግሞ ያ የ2022 ጥበቃ ነው። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት የዊንዶውስ ማሽን ላይ አንዱ ያስቀመጠው ድብቅ ፎልደር የሌላውን ጊት እንዳይመራው የመጣ ነው። የላብ ኮምፒውተር የተጋራ ሰው ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል። ፎልደሩን የምታምኑት ከሆነ «ሴፍ ዳይሬክቶሪ» ውስጥ አስገቡት፤ ሁሉንም ነገር በኮከብ ምልክት አትፍቀዱ።

ማይክሮሶፍት ራሱ በ2017 የዊንዶውስን ኮድ ወደ ጊት እንዳዛወረ አስታወቀ፤ 3.5 ሚሊዮን ያህል ፋይል፣ 300 ጊጋባይት ገደማ። ሺንደሊንም ኋላ የማይክሮሶፍት ባልደረባ ሆነ። በ2018 ኖትፓድ ኤልኤፍ ብቻ ያለበትን ፋይል በትክክል መክፈት ቻለ፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በአንድ መስመር ነበር የሚደረድረው። ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል ደግሞ ከ2016 ጀምሮ አለ። ብዙዎቻችሁ አሁን በእሱ ትሠራላችሁ፤ ጥሩ ነው። ግን አንድን ፎልደር በዊንዶውሱም በሊኑክሱም ጊት እያፈራረቃችሁ አትክፈቱ። አንዱ ቤት የወጣውን ሌላው ቤት «ተቀይሯል» ይለዋል፤ ከላይ ያወራሁት ሁሉ በአንድ ማሽን ውስጥ ይደገማል።

ያልተፈታላችሁ ካለ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አደራ፣ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ። ጽሑፉን ኮፒ አድርጉ፣ የጊቱን ስሪትና የ«ኤልኤስ-ፋይልስ»ን ውጤት ጨምሩ፤ ፎቶ ላይ ሲአር አይታየኝም።